መዋሸት ያልቻለችው ምራት

ላውንደሪ ቤት ውስጥ ውሸት የሥራው አካል ነው። «ነገ ይደርሳል» ውሸት ነው፤ «ይቺ ጠብታ ከድሮም ነበረችበት» ውሸት ነው፤ «አዝራሩ እኛ ጋ አልወደቀም» ማለትማ ነጭ ውሸት ነው። እዚያ ቤት ካውያ ይዛ ያረጀችው ሴት ግን አንዱንም ብላ አታውቅም። ገና ሥራ በጀመረችበት ሰሞን የአንድ ሙሽራ ሸሚዝ ኮሌታው ላይ አቃጠለች። የቤቱ ባለቤት «ከፋብሪካው ነው፣ ጨርቁ ነው» እያለ ሙሽራውን ለማሳመን ላይ ታች ሲል፣ እሷ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ብላ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ እውነቴን ነው» አለች። ሙሽራው ሳቀ። ባለቤቱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ እውነቴ ሆኖ ቀረ፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው የለም።

ጻድቅ ነኝ ባይ አልነበረችም። ጸሎቷ አጭር ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ስፌት የምትቆጥር ይመስለዋል። እምነቷን የያዘችው በእጇ ነበር። ባልደረባዋ ስትታመም የእሷን ክምር ከራሷ ክምር ላይ ትደርባለች። ሰው የሞተበት ድሃ አንዲት ሸሚዙን ጠቅልሎ ሲመጣ በምሳ ሰዓቷ ትተኩስለታለች። ልጅ ሆና ከሰማችው ስብከት ሁሉ ግን ልቧ ውስጥ ገብቶ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ክርስቲያን አይዋሽም። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ እንደተባለው ወሰደችው። ምን ይደረግ፣ አንዳንድ ሰው ሲነግሩት ያምናል።

እግዚአብሔርን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ሰው ማስቀየም የማይፈራ ግን እንደ እሷ አላየሁም። «ይሄ ቀሚስ አምሮብኛል?» ብሎ እሷን የሚጠይቅ ሰው የሚደርስበትን በገዛ አፉ ያመጣዋል። ይህ አመሏ ሰፈሩን ሲያስቅ ኖሯል። አንድ ቀን ግን ሰው በላ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መሪ ላይ ነው የሚኖረው። የገባችበት ቤት የእናቱ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ጣሪያው ዝቅ ያለ ማድ ቤት፣ መሀል ላይ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ግቢ። እዚያ አማቷና የባሏ ታናሽ ወንድም ይኖሩ ነበር። ታናሹን ሁሉም «ማሙሽ» ነው የሚለው። ጢም አውጥቶ፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየተሸከመ እናቱን የሚረዳ ጎረምሳ ከሆነም በኋላ ማሙሽ ነው። ለእናቱ የዓይናቸው ብሌን ነበር።

ለአዲሷ ሙሽራ ያን ቤት ቤቷ ያደረገላት እሱ ነው። ጠዋት ሥራ ሲሄድ በሯ ላይ ይቆምና ፀጉሩን እያበጠረ «እውነቴ፣ ዛሬ መልኬ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷም ቀና ብላ በደንብ ታየዋለች። «መካከለኛ ነህ።» «ወይ ጉድ! በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል የምትታመን አንዲት ሴት ባገኝ እሷም መካከለኛ ነህ ትበለኝ?» እያለ፣ እየሳቀ ይወጣል። አማቷም ያኔ ይስቁ ነበር። ያ ቤት ሳቅ እንደነበረበት አሁን ቢናገሩት የሚያምን የለም።

ከመጋዘኑ ዕቃ ጠፋ። ማሙሽ ሰርቆ ይሁን በሰው ወንጀል ተጠርጥሮ፣ ቁርጡን የሚያውቅ ዛሬም የለም። ስሙ መነሳቱን ሲሰማ በጓሮ ገብቶ ማድ ቤት ውስጥ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተቀመጠ። እናቱ ባዶ ጆንያ ደረቡበት። ብዙም ሳይቆይ የፊት በር ተንኳኳ።

የመጣው ሌላ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። የመጣው ግን የሰፈሩ ሰው ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእውነቴ ጀርባ የሚቀመጥ፣ ማሙሽን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ልቡ የማይጨክን ሰው። አማቷ «የለም፤ ከወጣ ቆየ» አሉት። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«እርስዎ እናት ነዎት፤ ሌላ ምን ሊሉኝ ነው» አላቸውና ወደ ምራቲቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ። እንደማትዋሺ አለቃዬም ሳይቀር ያውቃል። የለም ካልሽኝ፣ እውነቴ የለም ብላለች ብዬ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቀኝም።»

ልብ በሉ፤ ሰውየው መውጫውን ከፍቶ በእጇ ነው የሰጣት። ከእሷ የሚፈልገው አንዲት አጭር ቃል ብቻ ነበር። አማቷ ከጎኗ ቆመው ክንዷን ቆነጠጧት። እውነቴ አፏን ከፈተች። ምላሷ ግን ያን ቃል ለምዶት አያውቅም፤ በሙሽራው ሸሚዝ ፊት ያልወጣ ቃል ለማሙሽም አልወጣ አለ። «የለም» ማለት አቃታት። «አለ» ማለትም አልፈለገችም። ስለዚህ በዓለም ላይ እሷ ብቻ የምትሠራውን ስህተት ሠራች።

«እኔን ባትጠይቀኝ» አለች።

ፖሊሱ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ እንደ ታመመ ሰው ተነፈሰና በአጠገባቸው አልፎ ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። ማሙሽ እጁን ታስሮ ሲወጣ በእውነቴ በር ላይ አለፈ። ያን ቀን ስለ መልኩ አልጠየቃትም።

እስር ቤቱ ሰው በሰው ላይ የተነባበረበት ነበር። ማሙሽ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ደረቱን ታመመ፤ ሳሉም ጨረሰው። እናቱ ሬሳው ሲመጣ አልጮኹም። ጆንያ የደረቡበትን እጃቸውን ተቀምጠው ያዩት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምራታቸውን በስም ጠርተዋት አያውቁም። «ያቺ» ሆነች። ያቺ ገባች፣ ያቺ ወጣች፣ ያቺ የሠራችውን አልበላም። እግዚአብሔር ልጅ ሳይሰጣት ሲቀርም «ሰው የበላ ማህፀን» አሉና ዘጉት።

ባሏስ? ባሏ «ያለፈ አለፈ፣ በዚህ ቤት አይነሳ» ብሎ ረጃጅም መንገዶችን መረጠ። አልመታትም፣ አልሰደባትም፣ አልፈታትም። አንዳንዴ እራት ላይ ፊቷን ትኩር ብሎ ያይና ዞር ይላል። ያ ከዱላ ይብሳል።

እውነቴ ለራሷ የምትለው ነገር ነበራት። አልዋሸሁም፤ አሳልፌም አልሰጠሁም፤ አትጠይቀኝ ነው ያልኩት። ይህን ለስንት ዓመት በካውያ ሥር ስታመላልሰው ኖረች፤ ግን አንድም ቀን ተስተካክሎ ተኝቶላት አያውቅም። ለአማቷ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላለች። እግራቸው ሥር ወድቃ አልቅሳለች። «ብዋሽ ይሻል ነበር» ግን ብላቸው አታውቅም፤ ይህ እውነት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችማ። እርግጠኛ ያልሆነችበትን ደግሞ አትናገርም።

አማቷ አርጅተው፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ ነው የዚህች ሴት እምነት ምን እንደሚያክል የታየው። ላውንደሪው ከቤቷ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ በሥራው መሀል እየሮጠች ትመጣለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፣ ያረጠቡትን ታነሳለች። አንሶላቸውን ሁለቴ ትተኩሰዋለች። ሌላ ሰው ቢያየው ቅብጠት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሥጋው ካለቀ ሰው ሥር አንዲት ሽብሽብ ከቀረች በማግስቱ ቁስል ትሆናለች። ሐኪም ቤት የተኙ በሽተኞች ጀርባቸው ሲላጥ የእኚህ አሮጊት ጀርባ እንደ ሕፃን ጀርባ ደህና ነበር። አሮጊቷ ለዚህ ያመሰገኗት እንዳይመስላችሁ። ስታገላብጣቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ቀጥሎ ሐሳባቸው መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ቀኑ ጠፋባቸው፣ ከዚያ የሰው ፊት። የማሙሽ ነገር ግን አልጠፋባቸውም፤ እንዲያውም ትናንት የሆነ መሰላቸው። «ልጄን የበላች እጅ አታጉርሰኝም!» ብለው ማንኪያውን ሲመቱት ሾርባው ግድግዳ ላይ ይረጫል። እውነቴ ግድግዳውን ትጠርጋለች፣ ሌላ ሾርባ ታመጣለች፣ እሱም ይረጫል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ቆማ አንሶላ ስታጥፍ አሮጊቷ በሌላ ድምፅ ጠሯት።

«ሚጡ? ሚጡዬ፣ መቼ መጣሽ?»

ሚጡ ታናሽ እህታቸው ናት፤ ልጃገረድ ሆና ነው የሞተችው። ሰፈሩን ሁሉ በማስመሰል የምታስቅ፣ የአስተማሪውን አረማመድ፣ የአክስቷን ማስነጠስ፣ የሰባኪውን ጉሮሮ መጥረግ ቁጭ የምታደርግ ልጅ እንደነበረች እውነቴ ከባሏ ሰምታ ነበር። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተዋል። ፊታቸው በርቷል። እውነቴ ያን ፊት ካየችው ዕድሜ ሆኗታል።

«ሚጡ አይደለሁም እማማ» አለቻቸው። «የልጅዎ ሚስት ነኝ።»

ፊቱ ተዘጋ። አፉም አብሮ ተዘጋ። ያን ቀን ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያ በኋላም። አሮጊቷ ሚጡን ይጠራሉ፣ እውነቴ እውነቷን ትናገራለች፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል። ጎረቤቷ የላውንደሪው አጣቢ ናት፤ ሥራም ግድግዳም ይጋራሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ክንዷ እስከ ክርኑ በሳሙና የነጣ ሴት። ይህን ስትሰማ ባልዲዋን አስቀመጠችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሚጡ ነኝ በያትና ትብላ! ምን ይጎድልብሻል?»

«አይደለሁማ።»

«አይደለሽማ! ታዲያ እሷ በረሃብ ስትሞት ቀብሯ ላይ ቆመሽ 'ሚጡ አልነበርኩም' ትያለሽ?»

ሰባኪው ሊጠይቁ መጡ። ጉዳዩን ነገረቻቸው። ሻያቸውን ጠጥተው፣ አገጫቸውን ዳብሰው፣ «ጌታ ጥበብ ይስጥሽ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ አላወቁም፣ ያለማወቃቸውን ግን በጸሎት ሸፈኑት። የክሊኒኩ ሐኪም ደግሞ የአሮጊቷን ክንድ በሁለት ጣቱ ይዞ «በሽታው አይደለም የሚገድላቸው፤ ካልበሉ ሳምንቱን አይጨርሱም» አላት።

የእሷን ጭንቀት ግን ማንም አልደረሰበትም። መዋሸት ኃጢአት ነው ብላ ብቻ አይደለም የፈራችው። ካውያዋን ይዛ፣ የሰው ሱሪ መስመር እያስያዘች፣ አንድ ነገር ነው የምታስበው። ለአንድ ማንኪያ ሾርባ የምዋሽ ከሆነ፣ ያን ቀን ለምን አልዋሸሁም? ዛሬ የሚቻል ከሆነ ያኔም ይቻል ነበር። ያኔ የሚቻል ከነበረ ደግሞ ማሙሽን የገደለው እስር ቤቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት የተደገፈችው ምሰሶ «አይቻልም ነበር» የሚለው ብቻ ነው፤ አሁን በገዛ እጇ እንድትነቅለው ነው የተጠየቀችው።

በማግስቱ ሾርባውን ይዛ ገባች። አሮጊቷ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ድምፃቸው የሕፃን ያህል ነበር።

«ሚጡ?»

እውነቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማንኪያውን ሞላች።

«አቤት፣ እቴቴ» አለች።

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለምን ቢባል አፍራበታለች። አማቷን «አንቺ» ማለት ለመደች። ፀጉራቸውን እያበጠረች የሞቱ ዘመዶችን ከእሳቸው ጋር ታማለች። አሮጊቷ ጉንጯን ይዳስሳሉ፤ «ከሳሽ፣ ማን ነው የሚያከሳሽ?» ይሏታል። ከሳህኑ ጥግ ዳቦ ቆርሰው «እንኪ፣ አንቺም ብዪ» ይሏታል። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ የወደዳት አልነበረም። ካውያዋን አስቀምጣ መንገዱን ስትሻገር ልቧ በደስታ ይመታ ነበር፤ ወደ በሽተኛ የምትሄድ ሳይሆን ወደ እናቷ የምትሄድ ትመስል ነበር። የሞተች ልጅ ስም ለብሳ የሌላ ሰው ፍቅር ትበላለች። ሌብነት ነው አለች ለራሷ። ግን ሄደች።

ፍቅሩም ያለ ቅጣት አልነበረም። አሮጊቷ ከሚጡ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውማ።

«ያቺ አለች አይደል? የልጄ ሚስት። አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«አፏን ይዛ ልጄን ሸጠችው። አፏን ይዛ! ብትጮህ እንኳ ደግ ነበር። 'እኔን ባትጠይቀኝ።' እስቲ ይሄ ምን የሚሉት ንግግር ነው?»

እውነቴ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ሽበት በጣቷ ጠቀለለችው። መጠየቅ እንደሌለባት ታውቃለች፤ ጠየቀች።

«ይቅር አትያትም፣ እቴቴ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እውነቴ የተኙ መስሏት ነበር።

«ብላኝ ቢሆን ኖሮ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ መጥታ 'ብዋሽ ይሻል ነበር' ብላኝ ቢሆን። እግሬ ላይ ወደቀች፣ አለቀሰች፣ እግዚአብሔርን ጠራች። ያን ግን አላለችም። ጽድቋን ከልጄ አብልጣ ወደደች።»

ያን ቀን እውነቴ ሥራ ተመልሳ የአንድ ሰው ነጭ ሸሚዝ አቃጠለች፤ ከሙሽራው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አጣቢዋ ጭሱን አይታ ስትጮህ እሷ ካውያውን ይዛ ቆማለች፣ አታይም። ጨርቁ ሲጠቁር ግን አንድ ነገር ተለይቶላት ነበር። ብዋሽ ይሻል ነበር። እውነት ነው። ከዕድሜዋ ሁሉ የሚበልጠው እውነት ይህ ነው፣ እሷም ሳትናገረው የቆየችው ይህን ነው።

በማግስቱ ስትገባ ሾርባ አልያዘችም። አልጋው ጫፍ ላይ አልተቀመጠችም፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«እማማ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ። ሚጡ አይደለሁም። የልጅዎ ሚስት ነኝ፣ ያቺ ነኝ። ያን ቀን ፖሊሱን የለም ብለው ይሻል ነበር። ብዋሽ ይሻል ነበር። እርስዎ ልክ ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው አዩዋት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። እውነቴ ምራቃቸውን ቢተፉባት እንኳ ደስ ባላት ነበር፤ እሷን አውቀው ይሆናልና። የአሮጊቷ ከንፈር ጥግ ላይ ግን አንድ ነገር መጣ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ።

«እርስዎ!» አሉ፣ ሳቁ እያነቃቸው። «'እርስዎ ልክ ነበሩ!' ኧረ አንቺ ልጅ፣ ልክ እሷን! ድምፁንም፣ አንገት መስበሩንም! ከየት አመጣሽው? ድገሚልኝ እስቲ፣ ሚጡ ሙች ድገሚልኝ!»

«እማማ፣ የምሬን ነው...»

«'የምሬን ነው!'» ከሳቃቸው ሳል መጣ፣ ከሳሉ እንባ። እውነቴ ተነስታ ጀርባቸውን ደገፈች፤ ሌላ ምን ታድርግ? አሮጊቷ ትንፋሻቸው ሲመለስ ራሳቸውን ደረቷ ላይ ጣሉ።

«ወይኔ፣ አሳቅሽኝ። ከማሙሽ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። እሷማ እንዲህ አትለኝም። እሷ አፏ ለዚህ አይከፈትም።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ፣ የእውነቴን እጅ አንቀው ያዙ። «አደራ አለብሽ ሚጡ። ስሞት ያቺ እንዳትነካኝ። እንዳታጥበኝ። ልብሴን እንዳታለብሰኝ። ማሙሽ እዚያ ሲያገኘኝ የእሷ እጅ ያረፈበት ገላ ይዤ አልሄድም።»

«እሺ፣ እቴቴ።»

«እሺ አይደለም። እጇ አይነካሽም በዪኝ። በእግዚአብሔር ፊት።»

እጃቸው እጇ ውስጥ ነበር። ጠዋት የቆረጠችላቸው ጥፍር፣ ያሸችላቸው ጣት። እውነቴ ጣሪያውን አየች።

«በእግዚአብሔር ፊት» አለች። «ከሞትሽ በኋላ እጇ አይነካሽም።»

አሮጊቷ የሞቱት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ልጃቸው ከመንገድ ተመልሶ አጠገባቸው ነበር፤ እውነቴ ከላውንደሪው ተጠርታ ስትደርስ ዓይናቸውን እሱ ከድኖት ነበር። እሷም በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። መቃኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ አላለፈችም።

ሴት ስትሞት የሚያጥቧት የቤቷ ሴቶች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ውሃ የምታፈሰው ደግሞ ልጇ፣ ልጅ ከሌላት ምራቷ ናት። ሰፈሩ ይህን ሳይነጋገር ያውቀዋል። አጣቢዋ ውሃ አሞቀች፣ ጎረቤት ሴቶች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ነጭ ልብስ ወጣ። እውነቴ አንሶላ ተኩሳ አመጣች። አንዲት ሽብሽብ የለበትም። በሩ ላይ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ለአጣቢዋ አቀበለቻት።

«ምን ትቆሚያለሽ፣ ግቢ እንጂ! ውሃው ይቀዘቅዛል» አለቻት አጣቢዋ።

«አልገባም።»

«ምን?»

«እናንተ እጠቧቸው። እኔ አልገባም።»

አጣቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንደ ሕፃን ስታጥቢያት ኖረሽ? ዛሬ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ብዙ አልቆየችም። ከውስጥ አንዷ «ተጸየፈቻት እንዴ?» አለች። ሌላዋ፣ እንዲሰማ ብላ፣ «ልጅየውን አሳልፋ የሰጠች እናቲቱን ታጥባለች ብላችሁ ነው?» አለች። ስንት ዓመት ታጥፎ የተቀመጠው ያ ነገር በአንድ ጊዜ ወጥቶ ገመድ ላይ ተሰጣ። እውነቴ ግቢው ውስጥ፣ ድሮ ውሃ በርሜሉ የነበረበት ማድ ቤት ፊት ለፊት፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ቆመች። ከውስጥ ውሃው ሲፈስ ትሰማዋለች። አሮጊቷን በቀኝ ጎናቸው መገልበጥ እንደሚያማቸው ለሴቶቹ የነገራቸው የለም። አሁን እንደማያማቸው ታውቃለች። ግን አስቸገራት፣ ልትነግራቸው ፈለገች።

ባሏ ወጣ። አርጅቷል፤ የሹፌር ትከሻው ወደ ፊት ጎብጧል። ያን የእራት ላይ ዓይኑን ይዞ ነው የመጣው፤ ዛሬ ግን ዞር አላለም።

«ሴቶቹ የሚሉትን ሰምተሻል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ስለ ማሙሽ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።»

«አታውቅም።»

«ዛሬ ልጠይቅሽ ነው። ለምንድን ነው የማትገቢው? እማዬ የሆነ ነገር አለችሽ? እንደጠላችሽ ነው የሞተችው?» አንድ እርምጃ ቀረባት። «ንገሪኝ። አንቺ የምትይኝን አምናለሁ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

ያው ያ ፖሊስ ነው። በሩን ከፍቶ፣ በእጇ ሰጥቶ፣ ቆሟል። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ እናትህ እጄ እንዳይነካቸው በእግዚአብሔር ፊት አስማሉኝ። ብትናገረው ስሟ ከሰፈሩ አፍ ይነጻል። እሱ ግን በዚያ ረጅም መንገድ ሁሉ ይዞት ይነዳል፤ እናቱ ሚስቱን እንደጠላች መሞቷን፣ ወንድሙ እንዳልተረሳ፣ ቤቱ እንዳልዳነ። የፊቱን መጨማደድ አየች። በየትኛውም ካውያ የሚወጣ አልነበረም።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ሬሳ እፈራለሁ። ለእናትህ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር።»

«ነግረሻት? ምን አለችሽ?»

«'እንግዲያው አትግቢ' አሉኝ። 'ብዙ አጥበሽኛል፣ ይበቃሻል ልጄ' አሉኝ።»

ሰውየው እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ልጄ አለችሽ?»

«ልጄ አሉኝ።»

«የማሙሽንስ ነገር?»

«ይቅር ብለውኛል።»

አለቀሰ። ለወንድሙ ያላለቀሰውን ጭምር ነው ያለቀሰው፤ ያ ሁሉ ዓመት ደረቱ ውስጥ የተኛው ነገር ተነስቶ ወጣ። ወደ ውስጥ ሊመለስ፣ ለሴቶቹ ሊነግራቸው ዞረ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና እንደገና አያት፤ እንደ ሕፃን፣ ፊቱ እንደረጠበ።

«እውነትሽን ነው?»

እጆቿ ብብቷ ውስጥ ናቸው። ውስጥ የመጨረሻው ውሃ ይፈሳል።

«እውነቴን ነው» አለችው።